ሊሚቲንግ ሪአክታንት እና የምርት መቶኛ፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

10ኛ ክፍል ላይ የስቶይኪዮሜትሪ (በኬሚካዊ ለውጥ የሚገቡና የሚወጡ መጠኖች ስሌት) ምዕራፍ ሲጀመር ብዙው ተማሪ ግራምን ወደ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ)፣ ሞልን ወደ ግራም መለወጡን በሰላም ይወጣዋል። ነገሩ የሚወሳሰበው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት መጠን ሲሰጠው ነው። የትኛውን ይዞ እንደሚነሳ ግራ ይገባውና አንዱን በግምት ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን አያድነውም። ከዚህ በታች የሰበሰብኳቸው የቤት ሥራ ሲታረም ዘወትር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። እኩልታዎቹን በምልክት ሳይሆን በስም ጽፌአለሁ። ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር የሞል ብዛት ነው።

ጥያቄው የሊሚቲንግ ሪአክታንት ጥያቄ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የሁለት ሪአክታንቶች (ወደ ለውጡ የሚገቡ ነገሮች) መጠን ከተሰጠ፣ ስሙ ባይጠራም የገዳቢ፣ ማለትም የሊሚቲንግ ሪአክታንት ጥያቄ ነው። ፈታኞች «ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ የትኛው ነው?» ብለው በቀጥታ የሚጠይቁት ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ግራም ይገኛል?» ብለው ያልፋሉ፤ ገዳቢውን መፈለግ የተማሪው ድርሻ ነው።

የአንዱ መጠን ብቻ ተሰጥቶ ሌላው «በቂ»፣ «ከሚፈለገው በላይ» ወይም «በትርፍ የቀረበ» ከተባለ ግን ገዳቢው አስቀድሞ ተነግሯችኋል። «በአየር ውስጥ ሲቃጠል» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ኦክስጅኑ አያልቅም ማለት ነው። እንደ በሃ ድንጋይ ያለ አንድ ነገር ብቻ ሲሞቅና ሲበተን ደግሞ የሚፎካከር ሌላ ሪአክታንት ስለሌለ ጥያቄው አይነሳም። የአንድ ሪአክታንትና የአንድ ውጤት መጠን አንድ ላይ ከተሰጠ፣ የምትጠየቁት የምርት መቶኛ (ከሚጠበቀው ውስጥ በእጅ የተገኘው ስንት በመቶ እንደሆነ) ሳይሆን አይቀርም።

ገዳቢ ማለት ምን ማለት ነው? ያነሰው ነው?

ቀድሞ የሚያልቀው ነው። ያነሰው ሁሉ ቀድሞ አያልቅም።

አንድ የባጃጅ መገጣጠሚያ 10 የባጃጅ አካል እና 24 ጎማ አለው እንበል። ጎማው ከአካሉ በቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አንዱ ባጃጅ ግን 3 ጎማ ይፈልጋል፤ 24 ለ3 ሲካፈል 8 ነው። 8 ባጃጅ ይወጣል፣ 2 አካል ያለ ጎማ ይቀራል። የበዛው ጎማ ገደበን። በኬሚስትሪም ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፦ ምን ያህል እንዳለን ሳይሆን ያለን ነገር ለስንት ዙር እንደሚበቃ ይነግረናል።

በግራም የቀነሰውን ገዳቢ ብዬ ብወስድስ?

አንዳንዴ በአጋጣሚ ትክክል ይሆናል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሠራላችሁ ዘዴ ይመስላችኋል።

አሞኒያን እንውሰድ፦ 1 ናይትሮጅን + 3 ሃይድሮጅን → 2 አሞኒያ። 14 ግራም ናይትሮጅን እና 4 ግራም ሃይድሮጅን ቢሰጣችሁ በግራም የሚያንሰው ሃይድሮጅን ነው። ግራሙን ለሞል ክብደቱ (ለአንዱ ሞል ክብደት በግራም) አካፍለን ወደ ሞል ስንለውጠው ናይትሮጅን 14 ÷ 28 = 0.5 ሞል፣ ሃይድሮጅን 4 ÷ 2 = 2 ሞል ይሆናል። 0.5 ሞል ናይትሮጅን የሚፈልገው 1.5 ሞል ሃይድሮጅን ነው፤ እኛ 2 አለን። ስለዚህ ገዳቢው በግራም ከሦስት እጥፍ በላይ የሚበልጠው ናይትሮጅን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅንና ክሎሪን በጋዝነታቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት። የናይትሮጅን ጋዝ የሞል ክብደት 28 እንጂ 14 አይደለም። 14ን የተጠቀመ ተማሪ የሞሉን ብዛት እጥፍ ያደርገዋል፤ ገዳቢውም ሊገለበጥበት ይችላል።

እሺ፣ ወደ ሞል ለወጥኩ። አሁን በሞል ያነሰውን ልውሰድ?

አሁንም አይደለም። አንድ እርምጃ ይቀራል፦ እያንዳንዱን ሞል ከስሙ ፊት ላለው ቁጥር አካፍሉ። ከዚያ በኋላ ያነሰው ገዳቢው ነው።

ቁጥሮቹን ትንሽ ለውጠን ሙሉውን እንሥራው። 28 ግራም ናይትሮጅን እና 5 ግራም ሃይድሮጅን አለን። ስንት ግራም አሞኒያ ሊገኝ ይችላል?

ናይትሮጅን፦ 28 ÷ 28 = 1 ሞል፤ 1 ÷ 1 = 1
ሃይድሮጅን፦ 5 ÷ 2 = 2.5 ሞል፤ 2.5 ÷ 3 = 0.833

በሞል ብቻ ያወዳደረ ተማሪ 1 ከ2.5 ያንሳል ብሎ ናይትሮጅንን ይመርጣል። ትክክለኛው ገዳቢ ሃይድሮጅን ነው። አሞኒያውም ከሃይድሮጅኑ ይሰላል፦ 2.5 × 2 ÷ 3 = 1.667 ሞል፤ በ17 ሲባዛ 28.3 ግራም።

ይህ ጥያቄ በምርጫ መልክ ቢቀርብ አማራጮቹ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ልንገራችሁ፦ 28.3፣ 33፣ 34 እና 42.5። አንዳቸውም በዘፈቀደ አልተቀመጡም። 34 ናይትሮጅንን ገዳቢ ላደረገ ነው። 33 ሁለቱን ክብደቶች በቀላሉ ለደመረ ነው። 42.5 ደግሞ የሃይድሮጅኑን 2.5 ሞል ያለ ምንም ጥምርታ በ17 ላባዛ ነው። የተሳሳተ ሰው የራሱን መልስ ከአማራጮቹ መካከል ሲያገኘው ደስ ብሎት ያከብበዋል።

ሆኖም ስሌቱን ሳትጀምሩ ሁለቱን መጣል ትችላላችሁ። በእጃችን ያለው ጠቅላላ ክብደት 28 + 5 = 33 ግራም ነው። ከ33 ግራም ዕቃ 34 ግራም ወይም 42.5 ግራም አሞኒያ ሊወጣ አይችልም። ላቮይዚየ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያጸናው የክብደት አይጠፌነት ሕግ በፈተና ላይ ከዚህ የበለጠ አገልግሎት ሲሰጥ አላየሁም። 33 ራሱ የሚሆነው ሁለቱም ሳይተርፉ ካለቁ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ይዤ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አስልቼ ያነሰውን መውሰድስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ መማሪያ መጽሐፍም የሚያስተምረው እሱን ነው። ከናይትሮጅኑ 34 ግራም፣ ከሃይድሮጅኑ 28.3 ግራም አሞኒያ ይወጣል፤ ያነሰው መልሱ ነው፣ ያንን የሰጠውም ገዳቢው ነው። ጥቅሙ ገዳቢውንም ምርቱንም በአንድ ሥራ ማግኘቱ ነው። ጉዳቱ መርዘሙ ነው፤ ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ ደግሞ ርዝመት ዋጋ ያስከፍላል። እኔ ማካፈሉን እመርጣለሁ። ሁለት ጊዜ የምታሰሉ ከሆነ ግን በሁለቱም ጊዜ ያንኑ አንድ ውጤት አስሉ። አንዱን በአሞኒያ፣ ሌላውን በሌላ ውጤት አስልቶ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

እኩልታውን ሳላመጣጥን ብሠራ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ?

ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ ትክክለኛ መልስ ታገኙና የተሳሳተው ሳይታወቅ ያልፋል። 5.4 ግራም አሉሚኒየም ከ21.3 ግራም ክሎሪን ጋር ሲዋሃድ እንይ። አሉሚኒየሙ 5.4 ÷ 27 = 0.2 ሞል፣ ክሎሪኑ 21.3 ÷ 71 = 0.3 ሞል ነው።

ያላመጣጠነው ተማሪ «1 አሉሚኒየም + 1 ክሎሪን → 1 አሉሚኒየም ክሎራይድ» ብሎ ይነሳል። አሉሚኒየም ገዳቢ ነው ይላል፣ 0.2 ሞል አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ በ133.5 ሲባዛ 26.7 ግራም። መልሱ ትክክል ነው! ቀጣዩ ንዑስ ጥያቄ «ከክሎሪኑ ስንት ግራም ይተርፋል?» ሲል ግን 0.1 ሞል ወይም 7.1 ግራም ብሎ ይጽፋል። 26.7 እና 7.1 ሲደመሩ 33.8 ግራም ይሆናሉ፤ የጀመረው ግን በ26.7 ግራም ነበር። 7.1 ግራም ከየት መጣ?

የተመጣጠነው እኩልታ 2 አሉሚኒየም + 3 ክሎሪን → 2 አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። 0.2 ÷ 2 = 0.1፤ 0.3 ÷ 3 = 0.1። እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ፣ የሚተርፍ የለም።

እንዲህ እኩል ሲመጡ ገዳቢው የትኛው ይባላል?

የትኛውም አይባልም። ሪአክታንቶቹ በትክክለኛው ጥምርታ ቀርበዋል ብላችሁ ጻፉና ከፈለጋችሁት ተነስታችሁ አስሉ።

የተረፈውን እንዴት ነው የማሰላው?

የተረፈው ካለው ላይ የተጠቀማችሁበት ሲቀነስ ነው። ቅነሳውን በሞል ሥሩት፤ በግራም የሚቀንስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገዳቢውን ግራም ከሌላኛው ግራም ላይ ሲቀንስ ይገኛል። ሦስት መስመር ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ይጠቅማል። በላይኛው የአሞኒያ ጥያቄ ላይ ይህን ይመስላል፦

መነሻ፦ ናይትሮጅን 1 ሞል፣ ሃይድሮጅን 2.5 ሞል፣ አሞኒያ 0
ለውጥ፦ ናይትሮጅን ሲቀነስ 0.833፣ ሃይድሮጅን ሲቀነስ 2.5፣ አሞኒያ ሲደመር 1.667
መጨረሻ፦ ናይትሮጅን 0.167 ሞል፣ ሃይድሮጅን 0፣ አሞኒያ 1.667 ሞል

የእኩልታው ጥምርታ የሚገዛው የመካከለኛውን መስመር ብቻ ነው። 0.833፣ 2.5 እና 1.667 የ1፣ የ3 እና የ2 ጥምርታን ይጠብቃሉ። የመነሻው መስመር ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት ያልቻለ ተማሪ መነሻውን በግድ ከጥምርታው ጋር ለማስማማት ሲታገል ይውላል።

የተረፈው ናይትሮጅን 0.1667 × 28 = 4.67 ግራም ነው። 28.33 ሲደመር 4.67፣ 33 ግራም። ሒሳቡ ተዘጋ።

ቁጥር የማጠጋጋው መቼ ነው?

መጨረሻ ላይ። 0.833ን መሃል ላይ 0.8 ብታደርጉት የተረፈው ናይትሮጅን 0.2 ሞል ወይም 5.6 ግራም ይሆናል። ትክክለኛው 4.67 ነበር። ማጠጋጋቱ ቀላል ቢመስልም ቅነሳ ሲከተለው ስሕተቱ ይገዝፋል።

ሙሙት (በውኃ የሟሟ ነገር) ሲሆንና በሚሊ ሊትር ሲሰጥስ?

ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለው የሞል ብዛት) በሊትር ሲባዛ ሞል ይሰጣል። ሚሊ ሊትሩን ለ1000 ማካፈል እንዳይረሳ። 6.5 ግራም ዚንክ በ50 ሚሊ ሊትር፣ 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ተጨመረ እንበል። እኩልታው 1 ዚንክ + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 ዚንክ ክሎራይድ + 1 ሃይድሮጅን ነው። ዚንኩ 6.5 ÷ 65 = 0.1 ሞል፤ አሲዱም 0.05 × 2 = 0.1 ሞል። እኩል ሞል ናቸው፤ አሲዱ ግን በ2 ሲካፈል 0.05 ስለሚሆን ገዳቢው እሱ ነው። በቤተ ሙከራ ብትሠሩት ይታያችኋል፦ አረፋው ይቆማል፣ ከቢከሩ ሥር ግን ዚንኩ በግማሹ ተቀምጦ ይገኛል፤ 3.25 ግራም።

ንጹሕ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ሞላሪቲ የለውም፤ ሚሊ ሊትሩን በእፍግታው (በአንዱ ሚሊ ሊትር ክብደት) አባዝታችሁ ግራም ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሞል ትሄዳላችሁ። የአስፒሪን ሥራ ላይ ይህ ይመጣል። 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ከ5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ ጋር፣ አንድ ለአንድ። የአንሃይድራይዱ እፍግታ በሚሊ ሊትር 1.08 ግራም ነው፤ 5.4 ግራም ይሆናል፣ ለ102 ሲካፈል 0.053 ሞል። ሳሊሲሊክ አሲዱ 2 ÷ 138 = 0.0145 ሞል። አንሃይድራይዱ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ይህ በስሕተት የሆነ አይደለም፦ ርካሹን አብዝቶ ማቅረብ ገዳቢው ሳይባክን እንዲያልቅ ይረዳል፤ በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ አንሃይድራይዱ ራሱ ሳሊሲሊክ አሲዱን የሚያሟሟው ፈሳሽ ነው።

ለጋዝ 22.4 ሊትርን ሁልጊዜ መጠቀም እችላለሁ?

በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እና በ1 አትሞስፌር ግፊት ብቻ። ጥያቄው ይህን ካለ ተጠቀሙበት። እውነተኛ ሙከራ አዲስ አበባ ላይ ከሠራችሁ ግን 22.4 ብዙ ያስታችኋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 1 ሞል ጋዝ በ20 ዲግሪ ሙቀት እዚያ 32 ሊትር ያህል ይይዛል። 22.4ን ይዞ የምርት መቶኛውን ያሰላ ተማሪ ከ100 በላይ አግኝቶ ሊደነግጥ ይችላል፤ ጥፋቱ የሙከራው አይደለም።

ይህን ሁሉ በቤት ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል?

በአቼቶ እና በቤኪንግ ሶዳ ይቻላል። ሁለቱ አንድ ለአንድ ነው የሚዋሃዱት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ 5 ግራም ያህል አሲድ ይይዛል፤ ለ60 ሲካፈል 0.083 ሞል። የሶዳው የሞል ክብደት 84 ስለሆነ የሚበቃው 7 ግራም ነው።

ሦስት የውኃ ጠርሙስ አዘጋጁና በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጨምሩ። በሦስት ፊኛዎች ውስጥ 3.5፣ 7 እና 14 ግራም ሶዳ አድርጉ፤ የፊኛውን አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ አልብሳችሁ ሶዳውን ወደ ውስጥ አራግፉት። ጠርሙሱን በክዳን አትዝጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛው ፊኛ ከመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል። ሦስተኛው ግን እጥፍ ሶዳ ተጨምሮበት ከሁለተኛው የተለየ አይሆንም።

የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። አረፋው ሁሉ ከቆመ በኋላ ፊኛዎቹን አንሡና በመጀመሪያው ጠርሙስ ትንሽ ሶዳ ጨምሩ፤ እንደገና ይፈላል። አሲድ ተርፎት ነበር ማለት ነው። በሦስተኛው ላይ ሶዳ ብትጨምሩ ምንም አይሆንም፤ አቼቶ ስትጨምሩበት ግን ይፈላል። ትርፉ ሶዳ ውኃው ውስጥ ሟምቶ ለዓይን ባይታይም እንኳ እዚያው ነበር።

የምርት መቶኛ ላይ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች ይጻፋል?

በሙከራ በእጅ የተገኘው ከላይ፣ በስሌት የሚጠበቀው ከታች፤ ከዚያ በ100 ማባዛት። ከላይ ባለው የአሞኒያ ጥያቄ 21.2 ግራም ተገኘ ቢባል፣ 21.2 ÷ 28.33 × 100 = 74.8 በመቶ።

ቀመሩ ላይ የሚሳሳት ጥቂት ነው። የሚሳሳቱት ከታች በሚጽፉት ቁጥር ነው። የሪአክታንቶቹን ድምር 33ን የጻፈ 64.2 በመቶ ያገኛል፤ ከትርፉ ናይትሮጅን ያሰላውን 34ን የጻፈ 62.4 በመቶ። ሁለቱም «ምክንያታዊ የሚመስሉ» ቁጥሮች ስለሆኑ ተማሪው አይጠራጠርም። ከታች የሚገባው ቁጥር ሁልጊዜ ከገዳቢው የተሰላው የውጤቱ ክብደት ነው።

ሪአክታንቱ ንጹሕ ካልሆነስ?

መጀመሪያ ንጹሑን ክፍል አውጡ። 250 ኪሎ ግራም በሃ ድንጋይ ተቃጥሎ 107.1 ኪሎ ግራም ኖራ ተገኘ፤ ድንጋዩ 90 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት ነው ቢባል፣ ንጹሑ 225 ኪሎ ግራም ነው። ከ100 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 56 ኪሎ ግራም ኖራ ስለሚወጣ የሚጠበቀው 126 ኪሎ ግራም ነው፤ የምርት መቶኛው 85። ንጽሕናውን የዘለለ 140ን ከታች ጽፎ 76.5 በመቶ ያገኛል፤ አፈሩንና አሸዋውን ኖራ እንዲሆኑ የጠበቀ ያህል ነው።

ከ100 በመቶ በላይ አገኘሁ። ምን አጠፋሁ?

በወረቀት ላይ ያለ ጥያቄ ከሆነ ክፍልፋዩን ገልብጣችኋል ወይም ገዳቢውን ስታችኋል። በቤተ ሙከራ ከሆነ ግን ከመቶው ሰማንያ ጊዜ ውኃ ነው ብዬ ብገምት ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ብረትን በመዳብ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ጨምሮ መዳብ የማውጣት ሥራን ውሰዱ። ጥምርታው አንድ ለአንድ ነው። 1.40 ግራም የብረት ዱቄት 0.025 ሞል ነው፤ መዳብ ሰልፌቱ በትርፍ ከቀረበ የሚጠበቀው መዳብ 0.025 × 63.5 = 1.59 ግራም። ተማሪው አጥልሎ፣ ትንሽ አድርቆ ሲመዝን 1.75 ግራም አገኘ፤ 110 በመቶ። ያ ትርፍ 0.16 ግራም ምንድን ነው? ዱቄቱ መካከል የቀረ ውኃ ሊሆን ይችላል። ያልታጠበ የሙሙቱ ጨው ሊሆን ይችላል። ሲሞቅ ብዙ ከቆየ መዳቡ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጠቁሮ ይሆናል፤ ቀለሙን ተመልከቱ። የማጥለያ ወረቀቱን አብሮ መዝኖት ከሆነስ?

መፍትሔው አንድ ጊዜ መመዘን አይደለም። ማድረቅ፣ መመዘን፣ እንደገና ማድረቅ፣ እንደገና መመዘን፤ ሁለት ተከታታይ ክብደቶች እስኪመሳሰሉ። ከዚያ በኋላ 1.46 ግራም ቢገኝ 92 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ሊታመን የሚችል ቁጥር ነው። በሪፖርታችሁ ላይ ግን 110ን አትደብቁ። ለመምህሩ 110 በመቶ ከነምክንያቱ ከተፈበረከ 97 በመቶ ይሻለዋል።

ለምንድን ነው 100 በመቶ የማይሞላው?

አንዳንዱ የእጅ ጉዳይ ነው፦ ከቢከሩ ግድግዳ ላይ የቀረ፣ በማጥለያ ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ፣ በማጠቢያው ውኃ ሟምቶ የሄደ። አንዳንዱ ሌላ የጎን አጸግብሮት (ኬሚካዊ ለውጥ) ነው። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ አጸግብሮቱ ራሱ እስከ መጨረሻው የማይሄድ፣ የሚመለስ ዓይነት ሲሆን።

አሞኒያ ዋናው ምሳሌ ነው። ፍሪትስ ሃበር በ1909 በቤተ ሙከራ ያሳየውን ካርል ቦሽ ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋግሮት በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬም ጋዙ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት በካታሊስቱ (ለውጡን በሚያፋጥነው ነገር) ላይ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ፋብሪካው እንዴት ያዋጣዋል? አሞኒያውን አቀዝቅዞ በፈሳሽነት ያወጣና ያልተለወጠውን ጋዝ መልሶ ያስገባዋል፤ በተደጋጋሚ ዙር አብዛኛው ይለወጣል። ገበሬው ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያ ነው። ስለዚህ በጥያቄ ላይ «15 በመቶ» ብታዩ ስሕተት ነው ብላችሁ አትዝለሉት።

ጥያቄው ተገልብጦ ሲመጣስ? «ይህን ያህል ለማግኘት ስንት ያስፈልጋል?» ሲል?

የምትፈልጉትን መጠን ለምርት መቶኛው ማካፈል እንጂ በእሱ ማባዛት አይደለም። 36 ግራም አስፒሪን ትፈልጋላችሁ፣ የምርት መቶኛው 80 ነው እንበል። 36 × 0.8 = 28.8 ብሎ የሚነሳ ተማሪ ከሚፈልገው ያነሰ ለመሥራት አቅዶ የበለጠ ሊያገኝ ይጠብቃል። የሚጠፋ ነገር ካለ በእቅድ ላይ አብዝቶ መነሳት ነው፦ 36 ÷ 0.8 = 45 ግራም። 45 ÷ 180 = 0.25 ሞል፤ በ138 ሲባዛ 34.5 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ። ስትጨርሱ ወደፊት ፈትሹት፦ 45 በ0.8 ሲባዛ 36 ይመጣል።

ሥራው ሦስት ደረጃ ካለው የምርት መቶኛዎቹን እደምራለሁ? አማካያቸውን እወስዳለሁ?

ታባዛላችሁ። 90፣ 80 እና 70 በመቶ ከሆኑ 0.9 × 0.8 × 0.7 = 0.504፤ ጠቅላላው 50.4 በመቶ ነው። አማካዩ 80 ይል ነበር። የመድኃኒት ቀማሚዎች ደረጃ ለመቀነስ የሚለፉት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ 90 በመቶ የሆነ የ10 ደረጃ ሥራ መጨረሻ ላይ የሚቀረው 35 በመቶ ያህል ነው።

የምርት መቶኛው 100 ከሆነ ምንም አልባከነም ማለት ነው?

አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። የምርት መቶኛ የሚለካው ከሚጠበቀው ውስጥ ምን ያህል እንደተገኘ ነው። ከገባው ክብደት ውስጥ ምን ያህሉ የምንፈልገው ውጤት እንደሆነ የሚለካው ሌላ ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ባሪ ትሮስት በ1991 አቶም ኢኮኖሚ ብሎ ያስተዋወቀው። የአሞኒያው እኩልታ በዚህ መለኪያ 100 በመቶ ነው፤ ከአሞኒያ ሌላ ውጤት የለውምና። የኖራው ግን 56 በመቶ ብቻ ነው፤ ሥራው ያለ አንዳች ጉድለት ቢከናወን እንኳ ከ100 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 44 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።